በሌሊት ፈረቃ የመጨረሻው ቃል የማን ነው?

ጥያቄውን በአንድ የጽሑፍ ውይይት ላይ ያነሣችው ነርስ ናት። አራት ኪሎ አካባቢ ከመኖሪያ ቪላነት ወደ አረጋውያን እንክብካቤ ማእከልነት የተቀየረ ጂ ፕላስ ዋን ቤት እናስብ ትላለች። 24 አልጋ፣ ሌሊት አንድ ነርስ፣ ሦስት ተንከባካቢ፣ በር ላይ አንድ ጥበቃ። ሐኪሙ ቀን መጥቶ ያያል እንጂ አያድርም። ሥራ አስኪያጁ ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን ይወጣል። የባለቤቱ ስልክ ግን ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ አንዲት የ78 ዓመት እናት ትንፋሽ ቢያጥራቸው መጀመሪያ የሚደወለው ለማን ነው? አምቡላንስ ለመጥራትስ የማን ፈቃድ ይጠበቃል? በዚህ ላይ 26 መልሶች ተሰጥተዋል። ክብደታቸው እኩል ስላልሆነ የሚጠቅሙት ላይ ቆም እያልኩ፣ ሌሎቹን እያለፍኩ እተርካቸዋለሁ።

1ኛው መልስ ሰላምታ አስቀድሞ መሰላሉን ከላይ ወደ ታች ይደረድራል፦ ባለቤት፣ ሥራ አስኪያጅ፣ ሜዲካል ዳይሬክተር (የሕክምናው የበላይ ኃላፊ)፣ ሜትሮን (የነርሶች አለቃ)፣ የፈረቃ ኃላፊ፣ ነርስ፣ ተንከባካቢ። እያንዳንዱ ለቅርብ አለቃው ይናገራል፣ ማንም ደረጃ አይዘልም ይላል። 2ኛው በአንድ መስመር ተስማምቶ አለፈ። 3ኛው ግን አክብሮቱን ሳይለቅ አረመው። መሰላሉ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው አለ። በሕክምናው በኩል ነገሩ ከተንከባካቢ ወደ ፈረቃው ነርስ፣ ከዚያ ወደ ሜትሮን፣ ከዚያ ወደ ተረኛ ሐኪም፣ በመጨረሻም ወደ ሜዲካል ዳይሬክተር ይወጣል። በአስተዳደሩ በኩል ጥበቃው፣ ጽዳቱ፣ ኩሽናውና ሒሳብ ክፍሉ በሥራ አስኪያጁ በኩል ወደ ባለቤቱ ይሄዳሉ። ችግር የሚመጣው ሁለቱ ሲደባለቁ፣ ገንዘቡን የያዘው ሰው ስለ ታማሚውም ማዘዝ ሲጀምር ነው። ከሁሉም መልሶች ለእኔ ትልቅ ክብደት ያለው ይህ ነው፤ ከዚህ በኋላ የመጣው ክርክር ሁሉ የተነሣውም ከዚህ ነጥብ ነው።

4ኛው መልስ ከ3ኛው ጋር በአንድ ነገር አልተስማማም። የታማሚው ሁኔታ ሲለወጥ ሜትሮኗ በነርሷና በሐኪሙ መካከል መቆም የለባትም። ነርሷ በቀጥታ ለተረኛው ሐኪም ትደውላለች፣ ለሜትሮኗ ከዚያ በኋላ ታሳውቃለች። ሜትሮኗ የምትፈለገው ሰው ሲጎድል፣ መድኃኒት ሲያልቅ፣ በሠራተኛ መካከል ጠብ ሲነሣ ወይም ነርሷ የተሰጣት ትእዛዝ ልክ አልመስል ሲላት ነው። 5ኛው ይህን ደግፎ አንድ ነገር ጨመረ፦ ትእዛዙ ያጠራጠራት ነርስ አልሰጥም ብላ ዝም ማለት አትችልም። መድኃኒቱን ታቆያለች፣ ያቆየችበትን ምክንያትና ሰዓት ትጽፋለች፣ ወዲያው ለሜትሮኗ ትነግራለች፣ ሜትሮኗ ደግሞ ከሜዲካል ዳይሬክተሩ ጋር ትነጋገራለች።

ድምፁ ከፍ ያለው በ6ኛው መልስ ነው። ጸሐፊው የአስተዳደሩን ወገን ይዞ ያለ ሥራ አስኪያጁ ፈቃድ ማንም ከግቢ መውጣት የለበትም አለ። የትራንስፖርቱ፣ የሆስፒታሉ ማስያዣ፣ አብሮ የሚሄደው ሠራተኛ ወጪ ሁሉ በማእከሉ ላይ ይወድቃል፣ ቤተሰብ ደግሞ በኋላ ማን አዘዛችሁ ይላል ሲል ተሟገተ። 7ኛው መልስ እስከዚያ ድረስ በእርስዎ የነበረውን ወደ አንተ አወረደው። ማሳወቅና ማስፈቀድ ለየቅል ናቸው፤ ነርሷ ሁሉንም ታሳውቃለች፣ በድንገተኛ ጊዜ ግን ማንንም አታስፈቅድም አለ። ቁጣው የጠነከረ ቢሆንም ባዶ አልነበረም፤ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ያለበትን ዝርዝር እዚያው ጻፈው። በደም ያለው የኦክስጅን መጠን ከ90 በመቶ በታች ሲወርድ፣ የላይኛው የደም ግፊት ከ90 ሲያንስ፣ ትንፋሽ በደቂቃ ከ30 ሲበልጥ ወይም ከ8 ሲያንስ፣ ሰውየው ሲጠሩት አልነቃ ሲል፣ ፊት በአንድ ወገን ሲጣመም ወይም አንድ እጅ ሲዝል፣ ከ5 ደቂቃ ያለፈ መንቀጥቀጥ ሲኖር፣ ተጭነው የማያቆሙት ደም ሲፈስ። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ነርሷ መጀመሪያ የቀይ መስቀልን 907 ወይም የከተማውን የእሳትና አደጋ 939 ትደውላለች፣ ቀጥሎ ሐኪሙን፣ ከዚያ ሜትሮኗን። ሥራ አስኪያጁና ቤተሰቡ የሚሰሙት አምቡላንሱ መንገድ ላይ ሳለ ነው። ወረቀቱ ላይ ሜዲካል ዳይሬክተሩም ባለቤቱም ቀድመው ይፈርሙበት፤ ፈቃዱ አስቀድሞ በቀን ከተሰጠ ሌሊት የሚለመን ፈቃድ አይኖርም።

የ6ኛው ጸሐፊ በ8ኛው ተመልሶ መጣና ቃናውን አለዘበ። ስጋቱ ከንቱ ጥሪ ነው፤ አንድ ነርስ በየሌሊቱ ብትጠራስ? 9ኛው በአክብሮት መለሰለት። ጥሪዎቹ በወር አንድ ጊዜ በሜትሮኗና በሐኪሙ ይታያሉ፣ ዝርዝሩ ላይ ያለ ምልክት ታይቶ የተጠራ ጥሪ ታማሚው ቢሻለውም አያስጠይቅም። የሚያስጠይቀው ምልክቱ ታይቶ ያልተጠራው ነው። ወጪውን በተመለከተ ደግሞ ታማሚው ሲገባ በሚፈረመው ውል ላይ በድንገተኛ ጊዜ የትራንስፖርትና የማስያዣ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን አንድ አንቀጽ ይጨመር አለ። ይህ ቀላል መፍትሔ ብዙ ሌሊት የሚያስጨንቅ ክርክር ያስቀራል ብዬ አምናለሁ።

ከ10ኛው እስከ 13ኛው ያሉት መልሶች ስለ ስልኩ ናቸው፣ እዚህ ላይ የሙያው ሰዎች ረቀቅ ብለዋል። 10ኛው ከመደወል በፊት እጅ ላይ ምን መኖር እንዳለበት ይዘረዝራል፦ ቻርቱ (የታማሚው መዝገብ)፣ ከ10 ደቂቃ ያልበለጠው ቫይታል ሳይን (የትንፋሽ፣ የልብ ምት፣ የደም ግፊትና የሙቀት ልኬት)፣ የጣት ደም ስኳር፣ የሚወሰዱት መድኃኒቶች፣ የማይስማማቸው መድኃኒት ካለ። ንግግሩ ኤስባር በሚባለው የሕክምና መልእክት ማቀበያ ቅደም ተከተል ይሄዳል፤ አሁን የሆነው፣ የቀድሞው ታሪክ፣ ነርሷ የገመተችው፣ ከሐኪሙ የምትፈልገው። ጸሐፊው የሚያሳስበው አራተኛው ነው። ብዙ ነርሶች ሦስቱን አጥርተው ተናግረው ዶክተር ምን ይሻላል ብለው ያበቃሉ፣ ከእንቅልፉ የነቃ ሐኪም ደግሞ እስኪነጋ ተከታተሉ ይላል። መጥተው ይዩዋቸው ወይም ወደ ሆስፒታል እንድልክ እፈልጋለሁ ተብሎ በግልጽ መጠየቅ አለበት።

11ኛው ስልክ ካልተነሣስ ለሚለው መልስ ሰጠ። ሁለት ጊዜ በ5 ደቂቃ ልዩነት ይደወላል፣ ካልተነሣ ወደ ሁለተኛው ሐኪም፣ እርሱም ካላነሣ ወደ ሜዲካል ዳይሬክተሩ። እያንዳንዱ ሙከራ ከነሰዓቱ ቻርቱ ላይ ይሰፍራል። 12ኛው የቃል ትእዛዝን ያዘ፦ ነርሷ እየሰማች ትጽፋለች፣ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑን፣ መንገዱንና ሰዓቱን መልሳ ታነባለች፣ ሐኪሙ አዎ ካለ በኋላ ትሰጣለች፣ ሐኪሙም በ24 ሰዓት ውስጥ ኦርደር ሺቱ (የትእዛዝ ወረቀቱ) ላይ ይፈርማል። ሞርፊንና መሰል ቁጥጥር ያለባቸው መድኃኒቶች በቃል አይታዘዙም፤ በሁለት ቁልፍ ካቢኔ ተቀምጠው ፈረቃ በተቀየረ ቁጥር በሁለት ሰው ተቆጥረው ይፈረምባቸዋል። በቴሌግራም የሚላክ ትእዛዝም ያው የቃል ትእዛዝ ነው ይላል። መልእክቱ ወደ ኦርደር ሺቱ ካልተገለበጠና ካልተፈረመ ለቀጣዩ ፈረቃ እንደሌለ ይቆጠራል፣ የታማሚው ስምና ፎቶ ደግሞ በነርሷ የግል ስልክ ውስጥ ይቀራል።

13ኛው መልስ ከሁሉም በተግባር የረቀቀው ነው። ስለ ሰዓት አቆጣጠር ይናገራል። ሐኪሙ ኤንፒኤች የተባለውን፣ ቀስ ብሎ የሚሠራ ኢንሱሊን በ8:00 እና በ20:00 ብሎ ያዛል፣ ማለትም በእኛ ጠዋት 2 ሰዓትና ማታ 2 ሰዓት። ነርሷ የመጀመሪያውን 8 ሰዓት ብላ አንብባ ከምሳ በኋላ ትወጋለች። የማታዋ ነርስ ሁለተኛውን በትክክለኛው ሰዓት ትሰጣለች። በ12 ሰዓት ሊራራቅ የነበረው መርፌ በ6 ሰዓት ተቀራረበ፣ ሁለቱም ተደራርበው ሌሊት ስኳሩን ያወርዱታል። ሰዓቱ ላይ ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ፣ ሌሊት የሚል ቃል ሁልጊዜ ይጻፍ፣ ማእከሉ ደግሞ አንድ አቆጣጠር መርጦ ከቻርቱ እስከ ግድግዳው ሰዓት ያስኪደው ይላል። ይኸው ጸሐፊ የወረደ ስኳርን ቋሚ ትእዛዝም አያይዟል፤ ነርሷ ሐኪም ሳትጠብቅ የምትሠራው ነው። ስኳሩ ከ70 በታች ሆኖ ሰውየው ነቅቶ መዋጥ ከቻለ 15 ግራም ያህል ስኳር፣ ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ፣ በውኃ በጥብጦ ማጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ደግሞ መለካት። ራሱን ከሳተ በአፍ ምንም አይሰጥም፤ 40 በመቶ ግሉኮስ በደም ሥር ይሰጣል፣ 20 ሚሊ ሊትር አምፑል ውስጥ 8 ግራም ስላለ አንዱ ብቻውን ላይበቃ ይችላል።

ከዚህ በኋላ ጨዋታው ወደ ኦክስጅን ወጣ። 14ኛው መብራት ሲጠፋ ኮንሰንትሬተሩ (ከአየር ኦክስጅን የሚያጣራው ማሽን) እንደሚቆም አስታውሶ ጄኔሬተር እንዲነሣ የሚያዘው ማን ነው ብሎ ጠየቀ፣ ቢያንስ ኦክስጅኑ 95 እስኪሞላ ሲሊንደር ይከፈት አለ። 15ኛው ይህን ቶሎ አረመ። የቆየ የሳንባ ሕመም ያለባቸው፣ በተለይ ለዓመታት በምድጃ ጭስ ሳንባቸው የተጎዳ እናቶች፣ ዒላማቸው ከ88 እስከ 92 ነው፤ ከዚያ በላይ መግፋት ትንፋሻቸውን ሊያዳክም ይችላል። ስለዚህ የ7ኛው መልስ ዝርዝር ላይ ለእነርሱ ከ90 ይልቅ 88 ይጻፍ። 16ኛው ደግሞ የሲሊንደሩን ስሌት አስቀመጠ። 10 ሊትር የሚይዝ ሲሊንደር በ150 ባር ግፊት 1,500 ሊትር ጋዝ አለው። 20 ባር ለመጠባበቂያ ቀርቶ 1,300 ሊትር ይሆናል፣ በደቂቃ 5 ሊትር ቢከፈት 260 ደቂቃ ወይም 4 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያቆያል። ስለዚህ ነርሷ መብራቱ እንደሄደ ጌጁን አይታ የሚያልቅበትን ሰዓት ግድግዳው ላይ ትጽፋለች። ጄኔሬተሩን ማስነሣት የጥበቃው ሥራ ነው፣ ለዚያም የማንም ፈቃድ አይጠይቅም። በኦክስጅን ያሉ ሰዎች ታች ፎቅ ይተኙ፣ የቪላ ደረጃ ጠባብ ስለሆነ ስትሬቸር አይዞርበትም የሚለውም እዚሁ ተነሥቷል።

ውይይቱን የከፈተችው ነርስ ወደ ጥያቄዋ እንመለስ ብላ ስለ ተንከባካቢዎቹ ጠየቀች፣ 17ኛው በደንብ መለሰላት። ለውጥን መጀመሪያ የሚያዩት እነርሱ ናቸው፤ ገላ የሚያጥቡት፣ የሚያጎርሱት፣ አልጋ የሚቀይሩት እነርሱ ስለሆኑ። ስለዚህ ለነርሷ ሳይነግሩ ማደር የሌለባቸው ነገሮች በጽሑፍ ይሰጧቸው። ሁለት ምግብ በተከታታይ መተው፣ አዲስ መቃዠት፣ ሽንት ለ8 ሰዓት አለመኖር፣ ወገብ ወይም ተረከዝ ላይ በጣት ሲጫኑት ነጭ የማይሆን ቅላት፣ የአልጋ ቁስል መጀመሪያ ነውና። ከአልጋ የማይነሡትን መገልበጥ በየ2 ሰዓቱ ነው፣ ወረቀቱም የሚሞላው እዚያው አልጋው አጠገብ እንጂ ሲነጋ በአንድ ላይ አይደለም። መድኃኒት አይሰጡም፣ በነርሷ ፊት ካልሆነ በቀር። ነርሷ ነግረዋት ካልመጣች ግን ለሜትሮኗ በቀጥታ የመደወል መብት አላቸው፣ ይህም ደረጃ መዝለል ተብሎ አይቀጣም። 1ኛው መልስ ማንም አይዘልም ማለቱን የሚሽረው ይህ ነው፣ እኔም ከ17ኛው ጋር ነኝ።

18ኛው ስለ መውደቅ ነው። ወድቆ የተገኘን ሰው ተንከባካቢው አያነሣውም፤ ነርሷ አንገቱን፣ ዳሌውንና ንቃቱን ካየች በኋላ ነው የሚነሣው። ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ መድኃኒት) የሚወስድ ሰው ጭንቅላቱን ከተመታ ደኅና ቢመስልም ይላካል፤ ለእንዲህ ያለው በቅዱስ ጳውሎስ ሥር ያለው የቃጠሎ፣ የድንገተኛና የአደጋ ሕክምና የሚሰጠው አቤት ሆስፒታል መኖሩን ጠቅሷል። ፊት ከተጣመመ፣ ይህም የስትሮክ ምልክት ነው፣ ዋናው ነገር ለመጨረሻ ጊዜ ደኅና ሆነው የታዩበት ሰዓት ነው፤ የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነውና። የየ2 ሰዓቱ ወረቀት በእውነት ከተሞላ ያንን ሰዓት የሚናገረው እርሱ ነው። ቻርቱ ፎቶ ኮፒ ሆኖ ከታማሚው ጋር ይሄዳል፣ ነርሷ ደግሞ ታማሚው መንገድ ላይ ሳለ ወደ ሆስፒታሉ ላያዞን ቢሮ (የታማሚ ቅብብልን የሚያስተባብረው ክፍል) ትደውላለች።

ከ19ኛው እስከ 22ኛው ያለው ስለ ቤተሰብ ነው፣ ጠንከር ያለ ቃል ያለውም እዚህ ነው። 19ኛው ውጭ አገር ያሉ ልጆችን አነሣ። ዋሽንግተን ያለች ልጅ በሰዓት ልዩነቱ በ7 ወይም በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች የእርሷ ማታ የእኛ ሌሊት ነው። ለተንከባካቢዋ በቀጥታ ደውላ እናቴ እንቅልፍ አጥታለች፣ ያቺን ኪኒን ስጫት ትላለች። ወርሃዊውን የምትከፍለው እርሷ ስለሆነች እምቢ ለማለት ያስፈራል። መፍትሔው ሲገቡ አንድ የቤተሰብ ተጠሪ በስም መመዝገብ፣ ሌላው ዘመድ ሁሉ በእርሱ በኩል እንዲያልፍ ማድረግ፣ ሕክምና የሚነካ ጥያቄ ለነርሷ ብቻ እንዲቀርብ ማድረግ ነው። ታማሚዋ ራሳቸው አእምሯቸው ካልደከመ ደግሞ ከተጠሪው በፊት የሚጠየቁት እርሳቸው ናቸው።

20ኛው ጸበል አነሣ። ለመዋጥ የተቸገሩ፣ ስትሮክ ያገኛቸው አዛውንት ጠዋት በጎረቤት ወይም በዘመድ እጅ ጸበል ሲጠጡ ወደ ሳንባቸው ሊሄድ ይችላልና ከጉብኝት በፊት ነርሷ ታውቅ አለ። 21ኛው በጣም ተቆጣ፣ እምነትን በሐኪም ፈቃድ ሥር ማድረግ ነው ብሎ 20ኛውን በኃይለ ቃል ወቀሰ። 22ኛው አስታራቂ ሆኖ ገባ። ነገሩ የፈቃድ ሳይሆን የመዋጥ ነው፤ ጸበሉ ይረጭ፣ ፊታቸው ይታበስ፣ በአፍ የሚሰጥ ከሆነ ቀና ተደርገው ተቀምጠው ነርሷ ባለችበት በጥቂቱ ይሁን። የስኳር ሕመምተኛ በጾም ወቅት ምግብ የሚገፋ ከሆነም ለተንከባካቢዋ ብቻ ተነግሮ አይቅር፣ ኢንሱሊኑ የሚስተካከለው በሐኪሙ ስለሆነ፤ የንስሐ አባታቸው ስለ ጾሙ እንዲመክሯቸው ማድረግም ለማእከሉ ይገባል። 21ኛው ጸሐፊ ከዚህ በኋላ አልተመለሰም።

23ኛው ስለ ሞት ጻፈ። ሞትን የሚያረጋግጠው ሐኪም ነው፣ ነርሷ የምትጽፈው ትንፋሽ እንደሌለ ያየችበትን ሰዓትና ያደረገችውን ነው። መርዶው በስልክ አይነገርም፣ በተለይ በተንከባካቢ ወይም በጥበቃ አፍ። ሲገቡ በሚሞላው ቅጽ ላይ መርዶ ለማን እንደሚነገርና ማን እንደሚያረዳ ተጠይቆ ይያዝ፤ የዕድራቸው ስምና የዳኛው ስልክም እንዲሁ። ሜትሮኗና ሥራ አስኪያጁ ለዚያ ሰው ይነግራሉ፣ እርሱ ሲነጋ ዘመዶቹን ሰብስቦ ያረዳል። ሁለቱ መሰላሎች አብረው መሄድ ያለባቸው እዚህ ላይ ነው ብሏል። ባለሙያ መሆን ደግነትን እንደማያስቀር የታየው በዚህ መልስ ነው።

24ኛው ከርእሱ ትንሽ ወጥቶ ስለ ሰዓት ክፍያ አነሣ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ያደርገዋል፤ ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 አይበልጥም፣ ከማታ 4 ሰዓት እስከ ንጋት 12 ሰዓት የሚሠራው ትርፍ ሰዓት ደግሞ በመደበኛው የሰዓት ክፍያ 1.75 ተባዝቶ ይከፈላል። ስለዚህ 24 ሰዓት ሙሉ ያለ ተተኪ የቆመች ነርስ ከሕጉም ከአቅሟም በላይ ናት፣ የ11ኛው መልስ የስልክ ቅደም ተከተልም በእንቅልፍ በደነዘዘ ጭንቅላት አይሠራም።

25ኛው አጭር ነው፦ ጥበቃው። በሩ ሌሊት በሰንሰለት ተቆልፎ ቁልፉ ባለቤቱ ጋር ካደረ አምቡላንሱ ደርሶም ደጅ ይቆማል። የቁልፉ ቅጂ ነርሷ ጋርም ይኑር። ጥበቃው አምቡላንስ ተጠራ ሲባል ባትሪ ይዞ እስከ አስፋልቱ ይውጣ፤ የውስጥ ለውስጥ መንገዶቻችን ቁጥር ስለሌላቸው ነርሷ ስትደውል የታወቀ ምልክት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ትምህርት ቤት ወይም አደባባይ ትናገር።

26ኛው ነርሷ በመካከል ያነሣችውን፣ ባለቤቱ ሌሊት አዲስ ታማሚ አስገቢ ሲል ምን ላድርግ የሚለውን መለሰ። አልጋ መኖሩ የአስተዳደር ነገር ነው፣ መቀበሉ ግን የሕክምና። ነርሷ የሚወስዱትን መድኃኒት ዝርዝር፣ ቫይታል ሳይንና ስኳር፣ ወገባቸውና ተረከዛቸው ላይ ቁስል መኖር አለመኖሩን፣ ውኃ በማንኪያ ሰጥታ መዋጣቸውን ሳታይ አትፈርምም፤ ቁስል ካለ መጠኑ በሴንቲ ሜትር ተለክቶ ቤተሰቡ ባለበት ይጻፋል። ኦክስጅን የሚፈልጉ ሆነው ሁለተኛ ሲሊንደር ከሌለ ወይም ሌሊቱን ያለችው ነርስ አንድ ሆና ሌላ ታማሚ በየ15 ደቂቃ እየታየ ከሆነ አትቀበልም፣ ምክንያቱንም ጽፋ ለተረኛው ሐኪም ትደውላለች። ባለቤቱ ካልተስማማ የሚነጋገረው ከሜዲካል ዳይሬክተሩ ጋር እንጂ ከነርሷ ጋር አይደለም። ጠያቂዋ ነርስ ይህ ሁሉ ለእሑድና ለበዓል ሌሊትም ይሠራል ወይ ብላ ጠየቀች፤ መልሱ አዎ ሆነ፣ የሁለተኛው ሐኪም ስም በየሳምንቱ ዓርብ በሜትሮኗ ተጽፎ ስልኩ አጠገብ እስከተለጠፈ ድረስ።